እንጦጦ፣ ቱርቦና ማርሚታ፡ ከመቀየር በፊት ሊታወቅ የሚገባው

ጭነት የያዘ አይሱዙ ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ ሲወጣ፣ ወይም ተሳፋሪ የሞላ ሚኒባስ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲያቃስት ከሩቅ የሚለየው በጥቁር ጭሱ ነው። ሾፌሩ ሁለተኛ ማርሽ ያስገባል፤ አልሆን ሲለው ወደ አንደኛ ይመልሳል፤ ከኋላው የተሰለፈው ጡሩምባውን ይነፋል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ምክር የታወቀ ነው። «ትልቅ ቱርቦ አስገባበት፣ ማርሚታውን አውጣና በሰፊ ቱቦ ቀይረው፣ ፖምፓውን ትንሽ ክፈተው፤ ይበራል!» ምክሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው፤ ሳይለኩና ሳያመጣጥኑ አንድ ላይ ሲፈጽሙት ግን ፒስተን ያቀልጣል፣ ቴስታታ ይሰነጥቃል፣ ከዚያም አልፎ ቁልቁለት ላይ ሰው ሊገድል ይችላል።

ያለውን መኪና አሻሽሎ መንዳት የሚፈልግ ሰው መብዛቱ አያስገርምም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ጀመረ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። አዲስ መኪና የመግዛት አቅም ሲርቅ አሮጌውን ጉልበታም የማድረግ ሐሳብ ይመጣል። እንግዲህ ሐሳቡ ለመጣለት ሰው፣ በተለይ በጉለሌና በአካባቢዋ ዳገቶች ለሚነዳ፣ መታወቅ ያለበትን እንመልከት።

ነገሩ ሁሉ ከአየር ይጀምራል

የባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ በጋራዥ ቋንቋ 1 ባር እንበለው። የአዲስ አበባ ከፍታ በተለምዶ 2,355 ሜትር ተብሎ ይጻፋል። በዚህ ከፍታ ግፊቱ ወደ 0.77 ባር ይወርዳል። ጉለሌ ደግሞ ከከተማዋ ከፍ ካሉት ክፍሎች አንዷ ናት፤ ከ3,000 ሜትር በሚያልፈው የእንጦጦ ጫፍ ላይ ግፊቱ 0.7 ባር ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው አየር መጠን ያው ሆኖ፣ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚያገኘው በ30 በመቶ ያንሳል። ፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት ሞተር እንጦጦ ጫፍ ላይ ከ70 እምብዛም አይበልጥም። ሞተሩ አልታመመም፤ ትንፋሽ አጥሮት ነው። አትሌቶቻችን እንጦጦ ላይ የሚሮጡት በዚሁ ስስ አየር ምክንያት ነው። ልዩነቱ የሰው ደም ከስስ አየር ጋር መላመዱ፣ ብረት ግን አለመላመዱ ነው።

ቱርቦ ለዚህ ችግር መፍትሔ እንዲሆን የታሰበው ከጥንት ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በጭስ ኃይል አየር የመጭመቅን ሐሳብ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1918 ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ግዛት ፓይክስ ፒክ በተባለው ተራራ ላይ፣ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ ወስዶ ሞከረው። ዝቅተኛ ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጥ የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ያለ ቱርቦ 230 ሰጠ፤ ከቱርቦ ጋር 356። ስለዚህ ቱርቦ ለዳገትና ለከፍታ የተፈጠረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥያቄው ቱርቦ ይጠቅማል ወይ አይደለም፤ ምን ያህል ሲሠራ፣ ከምን ጋር ተጣጥሞ ነው።

እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሩን ሒሳብ አለ። «ይሄ ቱርቦ 1 ባር ይሰጣል» ሲባል ከአካባቢው አየር በላይ 1 ባር ማለት ነው። ጅቡቲ ላይ የአካባቢው አየር 1 ባር ስለሆነ ሞተሩ የሚያገኘው በጠቅላላው 2 ባር ይሆናል፤ ቱርቦው አየሩን 2 እጥፍ ጨመቀ ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሞተሩ ያንኑ 2 ባር እንዲያገኝ ከተፈለገ፣ ቱርቦው 0.77 ባር የሆነውን አየር 2.6 እጥፍ መጭመቅ አለበት። እንጦጦ ጫፍ ላይ 2.9 እጥፍ ገደማ። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ዘንግ ይህን የሚያደርገው የበለጠ በመፍጠን ነው። ለዝቅተኛ አገር የተመረጠ ቱርቦ በዚህ ፍጥነት ከተሠራለት ወሰን አልፎ ሊሄድ ይችላል። ያን ጊዜ ኩሽኔታው ይበላል ወይም የኮምፕረሰሩ ክንፍ ይሰበራል፤ ስብርባሪው ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያስቸግርም።

ሙቀቱም አለ። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። 20 ዲግሪ የሆነ አየር በመካከለኛ ብቃት ባለው ቱርቦ 2 እጥፍ ሲጨመቅ ወደ 110 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። 2.6 እጥፍ ሲጨመቅ 150 ይጠጋል። የሞቀ አየር ደግሞ ይሰፋል፤ በግፊት ያገኙትን በሙቀት ያጣሉ። ስለዚህ ከፍ ባለ አገር ግፊት መጨመር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ኢንተርኩለሩን ነው። መኪናው ኢንተርኩለር ከሌለው ወይም ያለው በአቧራና በዘይት ከተደፈነ፣ ለቱርቦ የሚወጣው ገንዘብ ቀድሞ እዚህ መዋል አለበት።

ብዙ ቱርቦዎች ግፊቱ ከተወሰነው በላይ እንዳይሄድ የሚያደርግ ዌስትጌት የተባለ በር አላቸው። በሩ ሲከፈት ጭሱ ተርባይኑን ሳይገፋ ያልፋል። በአሮጌዎቹ መኪኖች ይህን በር የሚይዘው ተራ ስፕሪንግ ነው። ስፕሪንጉ የሚያውቀው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ ከፍታ ላይ ጠቅላላው ግፊት በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ሾፌሩ ይህን እንደ ድክመት ያየዋል፤ በእርግጥ ግን ቱርቦው ከአቅሙ በላይ እንዳይሮጥ የሚጠብቀው እሱ ነው። የስፕሪንጉን ዘንግ አጥብቆ «ግፊት ጨመርኩልህ» የሚል ባለሙያ ይህን ጥበቃ ነው ያነሳው። ኮምፒውተር ያላቸው አዳዲሶቹ ሞተሮችም የአካባቢውን የአየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር አላቸው፤ ኮምፒውተሩ ከፍታ ላይ መሆኑን ሲያውቅ ቱርቦውን ለማዳን ሲል ናፍጣውንና ግፊቱን ይቀንሳል። ሶፍትዌሩን የሚቀይር ሰው ይህን ገደብ ማንሳቱን ወይም መተዉን መጠየቅ የባለቤቱ ፋንታ ነው። «ሁሉንም ከፈትኩት» የሚል መልስ እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው የምሥራች አይደለም።

ትልቅ ቱርቦ ወይስ ትንሽ? ትልቅ ቱርቦ ብዙ አየር ያስተናግዳል፤ ለመነሳት ግን ብዙ ጭስ ይፈልጋል። ከፍታ ላይ ሞተሩ የሚያወጣው ጭስ ራሱ ስለሚያንስ የመነሻው መዘግየት ይብሳል። ከሽሮ ሜዳ ቆሞ ሰው ጭኖ ዳገት ለሚጀምር ሚኒባስ የሚያስፈልገው በዝቅተኛ ዙር የሚነቃ ቱርቦ ነው። ትልቁ ቱርቦ የሚጠቅመው በከፍተኛ ዙር ለሚሮጥ ሞተር ነው፤ አዲሱ ገበያ ላይ ደግሞ መሮጫ ቦታ የለም። ትንሹ በበኩሉ ከላይ በጠቀስነው ምክንያት ከልክ በላይ ሊፈጥን ይችላል። አምራቾች ለእያንዳንዱ ቱርቦ የሚያወጡት ካርታ አለ፤ ምን ያህል አየር በስንት እጥፍ ሲጨመቅ በጥሩ ሁኔታ እንደሚሠራ ያሳያል። ቱርቦ የሚመርጥልን ባለሙያ ካርታውን በ0.77 እና በ0.7 ባር አስልቶ ካላየ፣ መረጣው የዓይን ግምት ነው።

የባሰው ግን ብዙ ጊዜ ቱርቦ መቀየሩ ራሱ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። ጉልበት ያጣ ቱርቦ ያለው መኪና ወደ ጋራዥ ሲገባ በቅድሚያ መታየት ያለባቸው ነገሮች ርካሽ ናቸው። የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ በሚሄደው የጎማ ቱቦ ላይ ያለ ስንጥቅ፣ የላላ ክራቫታ፣ በጥቀርሻ የጠበበ የአየር መግቢያ፣ ያረጀ ኢንጀክተር፣ ጭስ የሚያስወጣ የኮሌተር ጓርኒሲዮን። ከተርባይኑ በፊት የሚያመልጥ ጭስ ተርባይኑን መግፋት የነበረበት ኃይል ነው። (የጋራዥ ቋንቋችን ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን እያለ እስከ ዛሬ ጣሊያንኛ መናገሩ ይገርማል፤ ጣሊያኖቹ በ1933 ቢወጡም ቃላቸው ቀርቷል።) ቱርቦው ራሱ ከሞተ ደግሞ በምን እንደሞተ ሳይታወቅ ሌላ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። የዘይት መምጫው ቱቦ በረመጥ ከተደፈነ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ናፍጣና ቤንዚን በተቃራኒው ይታመማሉ

አየር ከጨመርን ነዳጁም ከአየሩ ጋር መመጣጠን አለበት። ማስተካከል የሚባለው ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ናፍጣ ሞተር ነዳጅ ሲበዛበት ይሞቃል፤ ቤንዚን ሞተር ደግሞ በጭነት ላይ ነዳጅ ሲያንሰው ይሞቃል። ይህን ልዩነት የማያውቅ እጅ ፖምፓም ሆነ ኮምፒውተር ባይነካ ይሻላል።

ከናፍጣው እንጀምር። ፋብሪካው ቱርቦ በገጠመላቸው አሮጌ ሞተሮች ፖምፓ አናት ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ዲያፍራም አለ። የቱርቦው ግፊት ሲጨምር ዲያፍራሙ ናፍጣውን ይጨምራል፣ ግፊቱ ሲወርድ ይቀንሳል። ያለ ቱርቦ የተሠራ ሞተር ፖምፓ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ክፍል የለውም። በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ላይ ቱርቦ ገጥሞ የናፍጣውን መክፈቻ ብሎን ማላላት ማለት፣ ቱርቦው ገና ሳይነቃ ሙሉ ናፍጣ ማፍሰስ ማለት ነው። ውጤቱ ዳገት መነሻ ላይ የሚታየው ያ ጥቁር ደመና ነው። ጥቁር ጭስ ጉልበት አይደለም፤ አየር አጥቶ ሳይቃጠል የወጣ፣ ገንዘብ የተከፈለበት ናፍጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ የመደበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ጭሱን የሚተነፍሰው ደግሞ ከመኪናው ኋላ የሚሄደው እግረኛ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል በር ላይ ታክሲ የሚጠብቀው በሽተኛ ነው።

በአገራችን በየመሥሪያ ቤቱና በየእርዳታ ድርጅቱ የሚታየውን 1ኤችዜድ የተባለ ሞተር ያለው ላንድክሩዘር እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። 4.2 ሊትር፣ ስድስት ፒስተን፣ ቱርቦ የሌለው፣ ጥንካሬው የተመሰከረለት ሞተር ነው። ይህን ሞተር ቱርቦ መግጠም በአውስትራሊያና በሌሎች አገሮችም የተለመደ ነው፤ በአግባቡ ከተሠራ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። ነገር ግን አየር የሚጨምቅበት መጠን 22 ለ1 ያልፋል፤ ቶዮታ ራሱ ቱርቦ ገጥሞ በሠራው ወንድሙ ላይ ይህን መጠን ወደ 18.6 ለ1 አውርዶታል። ናፍጣው የሚረጨው በቴስታታው ውስጥ ወዳለች ትንሽ ክፍል በመሆኑ፣ ሙቀት ሲበዛ ቴስታታው እዚያው አካባቢ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ሞተር ላይ የሚገጠም ቱርቦ በመጠኑ ግፊት መሥራት አለበት። ለጎረቤት መኪና የተሰጠው ቁጥር ለዚህ አይሆንም።

መጠኑ እንዴት ይታወቃል? በጆሮና በጭስ ቀለም አይታወቅም። ሁለት መለኪያዎች ያስፈልጋሉ፦ አንዱ የቱርቦውን ግፊት፣ ሌላው ከተርባይኑ በፊት ያለውን የጭስ ሙቀት የሚያሳይ። ለናፍጣ ሞተር በተለምዶ የሚሠራበት ወሰን፣ ረጅም ዳገት ላይ ያለማቋረጥ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ነው። ፒስተኑ ከጭሱ ይልቅ የቀዘቀዘ ስለሆነ ወዲያው አይቀልጥም፤ ይሁንና ከ700 በላይ ለረጅም ጊዜ መቆየት የማቅለጡ መንገድ መጀመሪያ ነው። የግፊት መለኪያ ሲገዛ ደግሞ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ይሁን ጠቅላላውን መጠየቅ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ዜሮ የሚያነብ የመጀመሪያው ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 0.77 የሚያነብ ሁለተኛው ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ሒሳቡ በሦስት ሩብ ባር ገደማ ይሳሳትበታል።

አሁን መንገዱን እናስብ። ከአዲሱ ገበያ የወጣ ጭነት መኪና እንጦጦን ተሻግሮ፣ ሱሉልታንና ፍቼን አልፎ ጎሃ ጽዮን ይደርሳል። እስከዚያ ከ2,400 ሜትር በታች አልወረደም። ከዚያ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩ ያለው 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ወፍራም ሆነ፣ ግፊቱ ወደ 0.9 ባር ተጠጋ፣ ሙቀቱም ጨመረ። ወዲያው ደግሞ ወደ ደጀን ሽቅብ። ጉለሌ ውስጥ ባለ ጋራዥ ቆሞ የተስተካከለ ፖምፓ የሚፈተነው በዚህ ዳገት ነው፤ ሙሉ ጭነት፣ ረጅም ሰዓት፣ ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ራዲያተሩ ንፋስ የማያገኝበት። ዳገቱ ሲጀመር ጭሱ ያልበዛበት ናፍጣ ሞተር፣ ወደ ደጀን እየተቃረበ ሲሄድ አየሩ እየሳሳ ናፍጣው ግን ባለበት ስለሚቆይ የጭሱ ሙቀት እያደገ ይሄዳል። ስለዚህ ናፍጣ ሞተር መስተካከል ያለበት በሚሄድበት መንገድ ከሁሉ ከፍ ያለውን ቦታ አስቦ ነው። ለዝቅተኛ አገር ተስተካክሎ የመጣ መኪና አዲስ አበባ ሲገባ የሚያጨሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቤንዚን በተቃራኒው ነው። ቱርቦ ያለው ቤንዚን ሞተር ትልቁ ጠላቱ ማንኳኳት ነው፤ ነዳጁ ካንዴላው ከሚያቀጣጥለው ውጭ በራሱ ሲፈነዳ የሚሰማው ድምፅ። ስስ አየር ይህን ስለሚቀንስ፣ አዲስ አበባ ላይ ግፊቱ ተጨምሮ፣ የማቀጣጠያው ጊዜ ወደፊት ተገፍቶ ምንም ሳያንኳኳ ሊሄድ ይችላል። ባለቤቱ ደስ ብሎት ለዕረፍት ወደ ሶደሬ ወይም ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፣ አዋሽ ሰባት ከ1,000 ሜትር በታች፤ አየሩ ወፍራምና ሙቅ ነው። እንጦጦ ላይ ደህና የነበረው ሞተር ታች ያንኳኳል፤ ያውም በፈጣን መንገድ፣ ሙዚቃ ተከፍቶ ድምፁ በማይሰማበት። ቤንዚን ሞተር ስለዚህ የሚስተካከለው ዝቅተኛውንና ሞቃቱን ቦታ አስቦ ነው። ናፍጣ ለላይ፣ ቤንዚን ለታች።

ማርሚታው፣ ቱቦውና የሚረሳው ቫልቭ

የጭስ ማውጫ ጉዳይ ላይ ሁለት ተቃራኒ ወሬዎች ይናፈሳሉ። አንደኛው ማርሚታውን ማውጣት ሁልጊዜ ጉልበት ይጨምራል ይላል። ሌላው «ሞተር ትንሽ መታፈን ይፈልጋል» ይላል። ቱርቦ ላለው ሞተር ከተርባይኑ በኋላ ያለው መንገድ በሰፋ ቁጥር ቱርቦው ቶሎ ይነቃል፣ የጭሱም ሙቀት በመጠኑ ይቀንሳል። ስለዚህ ሰፋ ያለ ቱቦና ጥሩ ማርሚታ ለቱርቦ ሞተር እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ከቱርቦ መቀየርም ይረክሳል። ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ግን ነገሩ የቱቦው ስፋት ከሞተሩ ዙር ጋር መመጣጠኑ ነው። ከልክ በላይ የሰፋ ቱቦ በዝቅተኛ ዙር ያለውን ጉልበት ይቀንሳል፤ ዳገት የሚወጣው ደግሞ በዚያ ጉልበት ነው።

ማርሚታ ጭራሽ ማውጣት ድምፅ እንጂ ጉልበት አይጨምርም ለማለት ይቻላል። በፋብሪካ ከተሠራው ይልቅ በብየዳ የተገጣጠመ ቱቦ የሚያስከትለው ሌላ ነገርም አለ። መገጣጠሚያው ሲያፈስ ጭሱ ወደ ተሳፋሪው ክፍል ይገባል። መስኮት ተዘግቶ በእንጦጦ ብርድ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የራስ ምታት የያዘው ተሳፋሪ ምክንያቱን ላያውቀው ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን ሊጠቀስ የሚገባው አንድ ክፍል ነው። አይሱዙን ጨምሮ ብዙ የጭነት መኪኖች በጭስ ማውጫው ላይ የሚዘጋ ቫልቭ አላቸው። ሾፌሩ ከመሪው አጠገብ ያለውን ማንሻ ሲነካ ቫልቩ ይዘጋል፤ ጭሱ መውጫ ሲያጣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል። ቁልቁለት ላይ የእግር ፍሬኑ እንዳይግል የሚያደርገው ይህ ነው። የጭስ ማውጫውን «ነጻ» ለማድረግ ሲባል ይህ ቫልቭ ተቆርጦ ሊወጣ፣ ወይም ትልቅ ቱርቦ ሲገጠም ቦታ አጥቶ ሊቀር ይችላል። ቱርቦና ሰፊ ቱቦ የተገጠመለት መኪና ዳገቱን በፍጥነት ይወጣል፤ ባለቤቱም ጭነት ይጨምርበታል። ከእንጦጦ ወደ አዲሱ ገበያ፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ሲወርድ ግን ያ ሁሉ ጭነት ያረፈው በፍሬን ሸራ ላይ ብቻ ነው። ፍሬን ሸራ ሲግል መያዙን ያቆማል። ስለዚህ የቱርቦና የጭስ ማውጫ ለውጥ ሲታሰብ ጥያቄው መውጣት ብቻ ሳይሆን መውረድም ነው። ቫልቩ በቦታው መመለሱን፣ ሙሉ በሙሉ መዝጋቱንና አዲሱ ቱርቦ በሚዘጋበት ጊዜ የሚፈጠረውን ግፊት የሚችል መሆኑን ሳያረጋግጡ ከጋራዥ መውጣት አይገባም። ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑና ራዲያተሩም በዚያው ይታዩ። ተጨማሪ ጉልበት የሚያልፈው በፍሪሲዮን በኩል ነው፣ ተጨማሪ ሙቀት የሚወጣውም በራዲያተሩ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

ይህን ዓምድ የሚጽፈው ሰው የተማረው ሕግ እንጂ ሜካኒክስ አይደለምና፣ የጋራዡን ጉዳይ ከዚህ በላይ ሳይዳፈር ወደ ሙያው ይመለስ።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ ሁሉ እንዲመዘገብና በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ቦሎ የሚለጠፈው ከዚህ ምርመራ በኋላ ነው። ሊብሬው ላይ የሞተሩ ቁጥርና ዓይነት ተጽፏል፤ ቱርቦ ያለው ሙሉ ሞተር አምጥቶ በአሮጌው ቦታ መግጠም የሚፈልግ ሰው ሊብሬውንም ማስተካከል ግዴታው ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ጭስን ብቻ ሳይሆን ድምፅንም ይመለከታል። ሌሊት ማርሚታ በሌለው መኪና ሰፈር የሚቀሰቅሱ ወጣቶች ይህን ቢያነቡ ጥሩ ነበር።

ዋናው ነገር ግን ኃላፊነት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል። ጥፋት የለብኝም ማለት አያድንም፤ የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት መሆኑም ኃላፊነቱን አያስቀርም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያለው መኪና ሰው ቢገጭ፣ ቫልቩን ያወጣው ጋራዥ መሆኑ ባለቤቱን ከተጎጂው ፊት አያሸሸውም። በተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት መድን መግባት ግዴታ ቢሆንም፣ መድኑ ጣሪያ አለው፤ ከጣሪያው በላይ ያለው ካሳ የባለቤቱ ነው። ለገዛ መኪናው ሙሉ መድን የገባ ሰውም ሊያስብበት ይገባል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል፣ በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ያልሻረው፣ አደጋውን የሚጨምር ለውጥ ሲኖር ለመድን ድርጅቱ ማሳወቅን በመድን ገቢው ላይ ይጥላል። ቱርቦ ገጥሞ ዝም ያለ ሰው ካሳ በሚጠይቅበት ቀን ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፎ ቁጥር ማስያዝ ከዚህ ያድናል።

ከጋራዡ ጋር ያለው ግንኙነት ደግሞ በቃል የሚያልቅ መሆኑ ነው ችግሩ። ሕጉ በቁጥር 2610 እንዲህ ያለውን ሥራ የሚረዳው ሠሪው በራሱ ኃላፊነት አንድ የታወቀ ውጤት ለማስገኘት የሚገባው ውል አድርጎ ነው። «ይበራል» የሚለው ቃል ግን በፍርድ ቤት ውጤት ተብሎ ሊለካ አይችልም። ሊለካ የሚችለው በወረቀት ላይ የሰፈረ ቁጥር ነው። ከሥራው በፊት መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ የታወቀ ዳገት፣ ለምሳሌ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ፣ በየትኛው ማርሽ፣ በስንት ደቂቃ እንደወጣ፣ የቱርቦው ግፊትና የጭሱ ሙቀት ስንት እንደነበረ ይጻፍ። ከሥራው በኋላ ያው ዳገት፣ ያው ጭነት፣ ያው መለኪያ ይደገም። የተገጠመው ቱርቦ ስምና መለያ ቁጥር፣ ያገለገለ ከሆነም ያገለገለ መሆኑ፣ ፖምፓው ስንት ዙር እንደተከፈተ፣ የጭስ ቫልቩ መመለሱ በደረሰኙ ጀርባ ላይ ይስፈር፤ ሁለቱም ይፈርሙ። የወጣው አሮጌ ቱርቦም ለባለቤቱ ይመለስ፤ በምን እንደሞተ የሚመሰክረው እሱ ነው።